ወደ ውስጥ የሚባለው አዎ

ሰው ሲናገር ትንፋሹን ወደ ውጭ ያወጣል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ደባርቅ አልደረሰም። እኛ ክርክሩንም፣ ሐሜቱንም፣ እርግማኑንም ወደ ውጭ እናወጣለን፤ መስማማት ላይ ስንደርስ ግን ትንፋሻችንን መልሰን እንስበዋለን። «ህእ» እንላለን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ማጅራቱ ላይ እንደፈሰሰበት ሰው። አዎ ማለታችን ነው። «አዎ» የሚለውን ቃል ራሱን አፋችን ላይ የምናመጣው ወይ ስንቆጣ ነው፣ ወይ ጆሮው የከበደ ሰው ሲገጥመን።

ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጭሩ ህእ «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥይ» ማለት ነው። ረዘም ብሎ ቅንድብ የሚያነሣው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ነው። ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ የሚሳበው «ዙሪያውን ተይውና ዋናውን ንገሪኝ» ነው። የለቅሶ ቤቱ ሌላ ነው፤ በዝግታ ይሳብና ሳይወጣ እዚያው ደረት ውስጥ ያድራል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አዎ መስሎ አዎ ያልሆነው ነው። የንስሐ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር ይመጡና «ወለተ ማርያም፣ ሐሜቱን ተውሽው ወይ?» ይሉኛል። «ህእ» እላለሁ። እሳቸውም «ህእ» ይላሉ። እኔ አልዋሸሁም፣ እሳቸውም አላመኑኝም። መስቀል አሳልመውኝ ይሄዳሉ።

አንድ የወሰን ክስ ላይ ምስክር የቆመ ሰውዬ ነበር አሉ። ዳኛው «አይተሃል ወይስ አላየህም?» ቢሉት «ህእ» አለ። ጸሐፊዋ ብዕሯን እንዳነሣች ቀረች። ትንፋሽ በየትኛው ፊደል ይጻፋል? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሀ ሁን ጨርሼ ንባቡ ላይ ሳለሁ ባል መጣና አቋረጥኩ። ቢሆንም እዚያ ገበታ ላይ ወደ ውስጥ የሚነበብ ፊደል እንዳልነበረ አስታውሳለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው በጎረቤቴ በመልካሙ ምክንያት ነው።

መልካሙና እኔ አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። ዕድሜው ሠላሳን አለፍ ብሏል፣ ሚስት አላገባም፤ ለምን እንዳላገባ አውቃለሁ፣ የዛሬ ጉዳዬ ስላልሆነ ትቼዋለሁ። ሥራው ፈረንጅ ይዞ ስሜን ተራራ መውጣትና መውረድ ነበር። ጭላዳ እያሳየ፣ ዋልያ እየፈለገ፣ ከነፋሱ ጋር እየጮኸ እንግሊዝኛውን ከገደል አፋፍ ለቀመ። ኋላ መንገዱ ሲከፋ ፈረንጁ ቀረ። ጭላዳው ተመልካች አጥቶ ብቻውን ሣሩን ይነጭ ጀመር። የመልካሙ ጓደኞች ሻንጣቸውን እየያዙ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረዱ፤ ከነሱ አንዱ ወባ ይዞ ተመለሰ፣ ወባውን ብቻ። መልካሙም አንድ ፈረንጅ የሰጠችውን በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ አሰናድቶ ምስማር ላይ ሰቀለው። ቀን እየጠበቀ ነበር። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ ያችን ሻንጣ በየጠዋቱ አይ ነበር፤ አለች ወይስ ሄደች እያልኩ።

ታዲያ ኔትወርክ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሞ «እትዬ አዛሉ፣ አስተማሪ ሆንኩ» አለኝ።

«የት?»

«እዚሁ ቤቴ፣ በስልክ። እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። ውጭ አገር ሄደው ለመማር የሚዘጋጁ የባሕር ማዶ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ቬትናም ከሚባል አገር፣ አንዱ ከብራዚል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እናንተስ ብትሆኑ? ልጆቻችን ከታች ክፍል ጀምረው እንግሊዝኛ ሲማሩ ኖረው፣ አንድ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቃቸው ወደ ጓሮ የሚሮጡበት ከተማ፣ እንግሊዝኛ ተርፎት ወደ ውጭ ሊልክ? ገብሳችን እንኳ ከዳባት ያለፈው በስንት መከራ ነው። መልካሙ ግን የምሩን ነበር። አንድ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ፣ ተፈትኖ፣ ተቀብለውታል። ድርጅቱ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ኔትወርኩ ምስል ስለማይችል መልኩን ማንም አያይም፤ በድምፅ ብቻ ነው የሚያስተምረው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ፣ ጥፋት ከተባለ። በግቢያችን ኔትወርክ የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በእኔና በመልካሙ መካከል ያለው ግድግዳ ጥግ ነው። የስልኩ ማዳመጫ አንድ ጆሮው ስለሞተ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። በዚያ በኩል እሱ በርጩማውን አስጠግቶ ያስተምራል፣ በዚህ በኩል እኔ ጥጤን ይዤ እፈትላለሁ። እንዝርት ድምፅ የለውም። ጆሮ ጠቢ የሚለኝ ካለ ክሱን ለኔትወርኩ ያቅርብ።

ሳምንት ሳይሞላኝ «ጉድ» እና «አጌን» ገቡኝ። መልካሙ የሚያስተምረው የተራራውን እንግሊዝኛ ነበር። የብራዚሉ ልጅ የእናቱን ስም መናገር ሳይችል «ቀስ በሉ፣ ከፊታችን ገደል አለ» ማለት አወቀ። እኔ ግን ልቤ የሄደው ወደ ሊን ነው። ሊን የቬትናሟ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምፅዋ ከወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት ቀጭን ነው። ውጭ ሄዳ ነርስነት መማር ትፈልጋለች፤ ለዚያ ደግሞ በስልክ እየተናገረች መፈተን አለባት። እኛ ቁርስ ሳንበላ እነሱ ምሳ በልተው ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ የሷ ትምህርት ጠዋት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሊን ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። መልካሙ «ህእ» አለ። ስልኩ ጸጥ አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ አር ዩ ኦኬ?» አለች። «ኦኬ፣ ኦኬ» አላት። ቀጠለች። ደግሞ «ህእ» አለ። «አር ዩ ኦኬ?» እሱ ኔትወርኩ መስሎት ስልኩን ያራግባል፣ ከርጩማው ተነሥቶ ይቀመጣል፣ መልሶ «ህእ» ይላል፣ ልጅቷ መልሳ ትደነግጣለች።

ምስጢሩ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በሷ አገር እንደዚያ ትንፋሹን የሚስብ ሰው እባብ ያየ ሰው ነው። መምህሯ በየደቂቃው እባብ ያያል።

ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያለ ነገር በነጻ እያገኘ የሚያስቆም ማን ነው? ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። እዚህ ከተማ ማንም ህእ እንደሚል አያውቅም። መንገድ ላይ አንዱን ይዛችሁ «ስትስማማ ትንፋሽህን ትስባለህ?» በሉት፣ «ኧረ አልስብም» ይላችኋል። «እርግጠኛ ነህ?» በሉት። «ህእ» ይላችኋል።

ሊን ቀስ በቀስ መደንገጧን ተወች። ከዚያ «አር ዩ ኦኬ» ቀረ። ሦስተኛው ወር ላይ መልካሙ አንድ ነገር ሲጠይቃት ከስልኩ ውስጥ ትንሽዬ «ህእ» ወጣች። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ያችው የመጀመሪያዋ የጫጩት ያህል ነበረች። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ልጅቷ ድብ ባሕር ላይ አውቶቡስ ቆማ እንደምትጠብቅ ባልቴት አድርጋ ትስበው ጀመር። አጭሩንም፣ ረጅሙንም፣ ድርብርቡንም አወቀችው። መልካሙ ምንም አልታወቀውም። ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሰው ሲያሰሙት ከየት ያውቃል? «ይቺ ልጅ በጣም ጎበዝ ሆናለች፣ ስታወራኝ የአገሬ ሰው ትመስለኛለች» ይለኝ ነበር። እኔ እንዴት ያለውን ህእ እንዳልኩት አትጠይቁኝ።

ከዚያ ድርጅቱ ለሊን የልምምድ ፈተና ሰጣት። የፈተነቻት የመምህራኑ ተቆጣጣሪ ራሷ ናት፣ ክላራ የምትባል ሴትዮ። ክላራ ትጠይቃለች፣ ሊን ትንፋሿን ትስባለች። ክላራ ትጠይቃለች፣ ሊን ትስባለች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ፈተናውን አቋርጣ «አስም አለብሽ?» አለቻት። ሊን በኩራት ምን ብትል ጥሩ ነው? «የለብኝም። በእንግሊዝኛ አዎ የሚባለው እንዲህ ነው። መምህሬ ነው ያስተማረኝ።»

በማግስቱ ይህን ሁሉ የሚዘረዝር ደብዳቤ ለመልካሙ መጣለት። በስልኩ ላይ የሚመጣው ዓይነት ማለቴ ነው። የሚመጣው ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ትምህርቱን ገብታ ታዳምጣለች፤ ያ ድምፅ ከሱ በኩል ከተሰማ ስሙ ከመምህራን ዝርዝር ይወጣል፣ ነገሩም ያልቃል።

ፊቱ አመድ መስሎ በሬ ላይ ቆመ። «እትዬ አዛሉ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ሳወራ እንደዚህ… ትንፋሼን እስባለሁ እንዴ?»

«ህእ» አልኩት።

አፌን አየ። «እርስዎም?» አለ።

«ሁላችንም ነን እንጂ። ተቀመጥ።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ? ስንት ወር ሙሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ሲሰሙ!»

«መስማቴን ታውቅ ነበር?»

«ሲያነጥሱ ይሰማኛል።»

ይኸኔ አፈርኩ። ማፈር አልወድም፣ ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ነበረን። «እኔ ሊን ነኝ፤ እኔ አወራለሁ፣ አንተ ሳትስብ ትሰማለህ» አልኩት። ባሳተ ቁጥር አንድ የጥጥ ፍሬ ግንባሩ ላይ ልወረውርበት ተስማማን። ተራ ወሬ አወራሁለት፣ ቻለው። ስለ ዝናብ፣ ቻለው። ከዚያ ስለ ባጃጅ ነጂው ሚስትና ከዳባት ስለሚመጣው ጨው ነጋዴ ጀመርኩለት። ወዲያው ግንባሩ በጥጥ ፍሬ ተመታ። ያን ወሬ ትንፋሹን ሳይስብ የሚሰማ ሰው ካለ ለጵጵስና ይታጭ።

ቆሎ አፉ ውስጥ ይዞ እንዲሰማ ሞከርን። አንዷን ገብስ ከነትንፋሹ ስቧት ሊታነቅብኝ ነበር፤ ጀርባውን ደቅቼ ነው ያወጣኋት። ውኃ እንዲይዝ ሞከርን፤ ውኃ የያዘ አስተማሪ ግን ምን ብሎ ያስተምራል? በመጨረሻ ህእ በመጣበት ቁጥር «የስስስ» እያለ ወደ ውጭ እንዲለቀው አደረግን። ሊማሊሞ ላይ ጎማው የተነፈሰ የጭነት መኪና ይመስል ነበር። ቢሆንም ወደ ውጭ ነው።

ረቡዕ ሻንጣዋን ከምስማሩ አውርዶ አራግፎ መልሶ ሰቀላት። በስንጥቁ አየሁት።

ሐሙስ ጠዋት እንዝርቴን ይዤ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳላነጥስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ይዣለሁ። ሊን ገባች፣ ክላራም ሰላምታ ሰጥታ ድምፅዋን አጠፋች። መልካሙ ድንቅ አድርጎ ጀመረ። ሊን ትናገራለች፣ እሱ «የስስስ» ይላል። እሷም የታዘዘችውን ታዝዛ መሰለኝ «የስስስ» ትላለች። ሁለት ጎማ ሲተነፍስ መስማት ነበር። አሰልቺ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው።

ከዚያ የፈተናው ዋና ጥያቄ መጣ። «ስለማትረሺው ሰው ተናገሪ።» ሊን ጀመረች። እኔ ሁሉንም አልሰማሁትም፤ ያልገባኝን ኋላ መልካሙ ነው የተረጎመልኝ። «ማዘር» የምትለዋን ግን ለይቻታለሁ፤ የኛ ባጃጆች ጀርባቸው ላይ የሚለጥፏት ቃል ናት። እናቷ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሊን ገና ልጅ ናት፣ አልጋው ሥር ትቀመጣለች። አንዲት ነርስ በየጠዋቱ ሥራዋን ስትጨርስ ትመጣና እናቷ የምትለውን ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። መድኃኒቱ አልቋል፣ የሚሰፋ ቁስል የለም፣ መስማት ብቻ።

ድምፅዋ ዝቅ አለ። በየትኛውም ለቅሶ ቤት ድምፅ እንዲህ ዝቅ ሲል ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልካሙም ያውቃል። እዚያ ጋ የሚሰማ ሰው ትንፋሹን ይስባል፤ አለመሳብ ፊትን እንደ ማዞር ነው። በስንጥቁ አየሁት፤ በሁለት እጁ አፉን ይዟል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ጉንጩ እንደ ወናፍ ተነፍቷል።

ሊን አቆመች። «ቲቸር? ሄሎ?»

እጁን አነሣና «የስስስ» አለ።

አስቡት። ልጅቷ እናቷን አልጋ ላይ አስተኝታለች፣ እሱ የጎማ አየር ይለቅባታል። አንድ ቃል ጀመረች፣ ተወችው። ሌላ ጀመረች። «ቲቸር፣ አር ዩ ዜር?» አለች፤ አለህ ወይ ማለቷ ነው። መልክ የለም፣ ዓይን የለም፤ በዚያ ሁሉ ባሕርና ተራራ ማዶ ሰው መኖሩን የምታውቀው ለካ በዚያች ትንፋሽ ነበር። ያችን ነው የከለከልናት። የኔ የጥጥ ፍሬ ነው የከለከላት።

አስቤ ያደረግኩት እንዳይመስላችሁ። አስቤማ ቢሆን አላደርገውም ነበር። ልጅቷ ዝም ስትል ደረቴ ራሱ ከፈተው። «ህእ» አልኩ፣ የለቅሶ ቤቱን፣ ረጅሙን፣ በዝግታ ተስቦ ሳይወጣ የሚያድረውን። ግድግዳውን አልፎ ሄደ።

ከስልኩ ውስጥ ቀጭን «ህእ» መለሰችልኝ። ከዚያ ተናገረች። ቃል ሳትፈልግ፣ ሳትሰናከል እስከ መጨረሻው ሄደች። እናቷ እንዴት እንደሞተች፣ ነርሷ እንዴት ሳትነሣ እንደቆየች፣ እሷም ያንን ለመሆን እንደምትፈልግ ተናገረች። መልካሙ ተቀምጦ ያለቅሳል። እኔ እዚህ በኩል ክሬን በጥሼ ፈትሉን አበላሽቼዋለሁ።

ክላራ ድምፅዋን ከፈተች። ሊንን አመሰገነቻት፣ አሰናበተቻት። መልካሙ ግን እንዲቆይ ነገረችው። የሻንጣዋ ቀን ደረሰ አልኩ በልቤ፣ ያወረድኳትም እኔ ነኝ።

«ሚስተር መልካሙ» አለች፤ ይህንንም ተርጉሞልኛል። «ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ከእርስዎ አፍ እንዳልመጣ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ከሩቅ ነው የመጣው። የኔትወርኩ ችግር ነው?»

ልጁን እዩት እንግዲህ። «አዎ» ቢል ዋሸ። «አይደለም፣ ጎረቤቴ ናት፣ የተማሪዎቼን ጉዳይ በግድግዳ ትሰማለች» ቢል ያው ተባረረ። ቀና ብሎ ስንጥቁን አየ። በስንጥቁ አየሁት። አፉን ከፈተ፣ ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም፣ የወጣው ግን…

የወጣ ነገር የለም። የገባ ነው።

«ህእ።»

«ይኸው፣ አሁንም ሰማሁት» አለች ክላራ። «ልክ በዚህ መሥመር ላይ ነው። ያቺ ልጅ የኔትወርኩን ድምፅ ቃል መስሏት ነው የለመደችው ለካ። በከንቱ ጠረጠርንዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ዋሸ የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ አላለም። አይደለም አላለም። በፍርድ ቤት ቢቆም ጸሐፊዋ የምትጽፈው የላትም። ስንት ጊዜ አልሠራም ብለን የሰደብነው ኔትወርክ ባልሠራው ጥፋት አንድ ሰው አዳነ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ሲጠፋም ብዙ አላማርረውም።

ሊን ዋናውን ፈተና አልፋለች። ከመፈተኗ በፊት መልካሙ ጉዳዩን አስረድቶ «ለፈታኞቹ እንዳታደርጊው፤ ለታማሚዎችሽ ግን አድርጊላቸው» አላት። የመለሰችለትን ታውቁታላችሁ። ሻንጣዋን ደግሞ «ሥራ ከፈታች» ብዬ ከምስማሩ አወረድኳት፤ አሁን ጥጤን ይዛለች። ስንጥቁን ልድፈነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ጭቃውን እኔ አቦካለሁ ብዬው ሳላቦካ ሁለት ገበያ አለፈ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን ነበር። ክላራ ችግሩ እንዲፈታ ለኔትወርኩ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ እንዲያስገባ አዘዘችው፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ ትፈልጋለች። መልካሙ በአማርኛ ጻፈው፤ «በዚህ መሥመር ላይ የሰው ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ወደ ውስጥ ሲሳብ ስለሚሰማ እንዲስተካከልልኝ» የሚል። ብቻውን አፈረና እኔን ይዞኝ ሄደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቱን አነበበ። ቀና ብሎ አየን። ደግሞ አነበበ። ማኅተሙን መታ፣ አንዱን ሰጠን፣ ሌላውን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ታዲያ ይስተካከላል?» አለው መልካሙ።

«ህእ» አለ ሰውዬው።

አመስግነን ወጣን።